ለእኔ ብቻ የነገርከኝ ስም

ይድረስ ለሙሌዬ፣ ለሰብለ አባት፤

«ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ልጀምር ብዕሬን ካነሳሁ በኋላ አፈርኩ። ደብዳቤ እንዲያ ነው የሚጀመረው ብለው ስላስተማሩን እጄ ለምዶት ነው። ጤና ወደማያስፈልግበት ከሄድክ ዓመት ከአምስት ወር ሆነህ። ይኸንንም በራሴ ያወቅሁት እንዳይመስልህ። ሰብለ ግድግዳው ላይ በሰቀለችልኝ የቀን መቁጠሪያ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሁለቱም ልዩ ልዩ ሆኖ መጣብኝ። በሦስተኛው እሷው ቆጥራ ነገረችኝና ቶሎ ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ከተጻፈ አይጠፋም።

ልነግርህ የተነሳሁት አንድ ከባድ ነገር አለ። ግን እንደምታውቀኝ ከባድ ነገር ቀጥ ብዬ መናገር አልችልም፤ ዙሪያውን ካልዞርኩ አይወጣልኝም። አንተም እኮ «ስንዱ፣ ከዚህ ማንኩሳ ለመድረስ በግሽ ዓባይ ትዞሪያለሽ» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ስማኝ።

ሰብለ ቡሬ ላይ አስተማሪነቷን እንደያዘች ናት። መንገድ ሲከፈት ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ሲዘጋ በስልክ እንገናኛለን፤ ስልኩም ሲጠፋ በሐሳብ። ከስታለች፤ አገጯ ያንተን መስሏል። የተከልከው አቮካዶ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ። እኔ «ይኼ ዛፍ አይወልድም፣ ቁረጠው» ብዬ ስነዘንዝህ፣ አንተ «ታገሺው፣ እኔስ ስንት ዓመት ፈጅቶብኝ ነው ሰው የሆንኩት» ብለህ ያስቀረኸው ዛፍ ነው። ፍሬው ትልልቅ ነው። የመጀመሪያውን ቆርጬ ለሁለት ከፈልኩና ግማሹን ላንተ አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ጠቁሯል። መሞትህን ረስቼ ይሁን ወይ እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ እስካሁን ለይቼ አላወቅሁትም።

ወፍጮህን አሁን የሚያስፈጨው የማንኩሳ ሰው ነው። ደግ ሰው ነው፣ ሴቶቹም ወደውታል፤ ግን አይዘፍንም። አንተ በወፍጮው ጩኸት ውስጥ ማንም አይሰማኝም ብለህ እንደ ልብህ ታንጎራጉር ነበር። መብራት ድንገት ሲሄድ ወፍጮው ጸጥ ይልና ያንተ ድምፅ ብቻውን አየር ላይ ይቀራል። ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ አንተ ደግሞ ጆሮህ ደንዝዟልና መብራት መሄዱንም ዘግይተህ ነው የምታውቀው። አሁን መብራት ሲሄድ ዝምታ ብቻ ነው።

አዲሱን አስፈጪ ምን እንዳደረግሁት ልንገርህ። የባልትና ሥራዬን አልተውኩም፤ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ ለከተማው ሰው አቀርባለሁ። የበርበሬውና የእህሉ ወፍጮ ጎን ለጎን መሆናቸውን አንተ ታውቃለህ፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ የማገኛቸው ነበሩ። የዚያን ቀን ሰው በዝቶበት «እትዬ ስንዱ፣ የራስዎን እርስዎው ይጨምሩት» አለኝ። ቀንጥሼ፣ አድርቄ፣ ቅመሙን ቀላቅዬ ያመጣሁትን የቡሬ በርበሬ በሙሉ አንስቼ የእህሉ ወፍጮ አፍ ላይ ገለበጥኩት። ከኋላዬ ተራ የያዘችው ሴትዮ ጤፍ ቀይ ሆኖ ወረደ። ቤቱ በማስነጠስ ተናወጠ። አንዷ ከሰልፉ መሃል «ምን ችግር አለው፣ ዛሬስ እንጀራው ያለ ወጥ ይበላል!» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አስፈጪው ብቻ አልሳቀም፤ ድንጋዩን ለማጽዳት ግማሽ ቀን ፈጀበት። ለሴትዮዋ ከቤቴ ጤፍ አምጥቼ ተካሁላት። ከዚያ ከጆንያዎቹ ጀርባ ሄጄ፣ አንተ ትቀመጥባት በነበረችው ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ። በርበሬው ነው አልኳቸው።

እንዲህ ነው የምልህ። ድስት ጥጄ ጓሮ እወጣለሁ፤ ጓሮ ለምን እንደወጣሁ ይጠፋኛል፤ ጎመኑን እያየሁ ቆሜ የሚያርረው ወጥ ሽታ ነው የሚጠራኝ። ሰው ሲያወራኝ ከንፈሩን እያየሁ መሃል ላይ አጣዋለሁ፤ «እህ፣ እህ» እያልኩ እሸኘዋለሁ። ቃል ይጠፋብኛል። በቀደም ጭልፋ የሚለው ጠፍቶብኝ ሰብለን «ያንን... ወጥ የሚያወጣውን ስጪኝ» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋን አቋረጠች። ዳዊት ስደግም አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አነባለሁ፣ አራተኛው ላይ እንደ አዲስ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ድሮም ሊቅ አልነበርኩም። ግን የማውቃትን ጥቂቷን አጥብቄ ይዤ ነበር። አሁን እሷም እንደ ተቀደደ ወንፊት ናት።

ይህ ሁሉ አንተ እያለህም ነበረ። ባሕር ዳር ወስደህ ጡቴን ካስቆረጥን በኋላ፣ ያ በክንድ የሚንጠባጠበው መድኃኒት ጠጉሬን ወስዶ ሲመልስ፣ «አሁን የቀረሽ በየቀኑ የምትወስጃት አንዲት ክኒን ናት» ሲሉኝ እንዴት ደስ እንዳለን። አንዲት ክኒን ምን ታደርጋለች ብለን። ለዓመታት መሆኑን ነግረውናል፤ ዓመት ግን ሲነገርና ሲኖር አንድ አይደለም። አጥንቴን ቆረጠመኝ፣ ላብ በላብ እያደረገ አነቃኝ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ጭንቅላቴ ውስጥ ጉም ገባ። አንተ ግን ነበርክ። «አንቺ እንደ ልብሽ እርሺ፤ ማስታወስ የኔ ሥራ ነው» አልከኝ። ጆሮህ ስለማይሰማ ሁሉን ነገር የምትናገረው እየጮህክ ነው፤ ጧት ጧት ከበር ስትወጣ «ስንዱ! ክኒኑን ዋጥሽ ወይ?» ስትል ሠፈሩ በሙሉ ይሰማል። ጎረቤቶቻችን ከአጥር ማዶ «ውጣለች! ሂድ ወደ ሥራህ!» ብለው ይመልሱልህ ነበር። እፍረት ይገድለኝ ነበር። አሁን ያን እፍረት ባገኘሁት።

ታማሚዋ እኔ፣ ሟቹ አንተ። ይህንን እስካሁን ሊያስረዳኝ የቻለ የለም። ስንት ዓመት ሙሉ የኔን ሞት ስንጠብቅ፣ አንተ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የእህል ጆንያ ተደግፈህ ዝም አልክ። ሴቶቹ ደክሞት ተኝቷል ብለው ወፍጮው እንዳይረብሽህ እስከ መጨነቅ ደርሰው ነበር አሉ።

እንግዲህ ዙሪያው አለቀ። ልናገረው።

ስምህን ረሳሁት፣ ሙሌ። ሙሉቀንን አይደለም፤ ሙሉቀንን ማንም ይጠራዋል። የክርስትና ስምህን ነው።

እናትህ ምን ያህል የምትፈራ ሴት እንደነበረች አንተ ትነግረኛለህ። ክፉ ሰው የክርስትና ስም ካገኘ በስም ያስደግማል፣ መድኃኒት ያደርጋል ብላ፣ ከእሷና ከንስሐ አባት በቀር ማንም እንዳያውቀው አስምላህ አሳደገችህ። እኔ ባገባሁህ በሦስተኛው ወር፣ ከማንኩሳ ገበያ በእግር ስንመለስ ዝናብ ያዘንና ዋርካ ሥር ቆምን። ጋቢህን ለሁለታችን ደረብክልን። «እኔ ብሞት በስሜ የምታስጠሪኝ አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ሦስተኛዋ አንቺ ሁኚ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ነገርከኝ። ትንፋሽህ ኮረኮረኝና ሳቅሁ፤ «በዚህ አይሳቅም» ብለህ ተቆጣኸኝ። የጋቢው ርጥበት ዛሬም ይሸተኛል። ከዛፉ ቅጠል የሚንጠባጠበው ውሃ አንገቴ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ከንፈርህ ሲንቀሳቀስም አየዋለሁ። ቃሉ ብቻ የለም። ወፍጮ ቤት ሰው ሲናገር እንደማየት ነው።

የቀብርህ ዕለት መምሬ ታከለ ነበሩና እኔ አልተጠየቅሁም። የንስሐ አባታችን ናቸው፣ ስምህን ያውቁታል፣ ፍትሐቱን እሳቸው መሩት። አርባህንም እሳቸው አደረሱልህ። ስምህ ሲጠራ ሰምቼው ነበር፤ በደንብ ሰምቼው አልቅሼበታለሁ። ሌሎቹ ካህናትም ሰምተውታል፤ ግን እነሱ በየሳምንቱ ስንት ስም ይጠራሉ፣ በዚህ ዘመን ደግሞ ይብሳል፣ የቱን ይያዙት? ሰብለም በለቅሶዋ መሃል አልያዘችውም። መምሬም ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ተከተሉህ።

ለሙት ዓመትህ ቤቱ ሞላ። ጠላውን ጎረቤቶቼ ጠመቁልኝ፣ ሰብለ ከቡሬ ጓደኞቿን ይዛ መጣች፤ እንዲያ ሲሆን ደስ ይልህ ነበር። መምሬን የተኩት ወጣቱ ቄስ ቀርበው ዝቅ ባለ ድምፅ «እናቴ፣ የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳልንተባተብ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ «ገብረ መድኅን» አልኩ። ለአንዴ እንኳ ሳላስብ የመጣልኝ መልስ ስለነበረ ኮራሁ፣ ታምነኛለህ? የዚያን ቀን ሙሉ ገብረ መድኅን፣ ገብረ መድኅን ሲባል ዋለ። ጸሎቱ፣ ዕጣኑ፣ የሕዝቡ «ነፍስ ይማር» ሁሉ በዚያ ስም ሄደ።

በሳምንቱ ወንድሜ ይርጋ መጣ። ይርጋን ታውቀዋለህ፣ ሰው ከሚያሳፍር ምላሱን ቢቆርጡት ይመርጣል። ስለ በቆሎው አወራ፣ ስለ ማዳበሪያው አወራ፣ ስለ ላሚቱ እግር አወራ። ሊሄድ ተነስቶ በር ላይ ቆሞ «እታለም፣ ለአባታችን እንዲህ ያለ ተዝካር ማውጣትሽ እግዚአብሔር ያክብርሽ። የሙሉቀንስ መቼ ነው?» አለኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ተሳስቷል ብዬ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ገብረ መድኅን የአባቴ የክርስትና ስም ነው። አባቴ በሕይወቱም ድግስ አይጠግብም ነበር፤ ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ያንተን ወሰደ። ይኸን ብዬ ይርጋን ለማሳቅ ሞከርኩ። አልሳቀልኝም፤ ተመልሶ ገብቶ እስኪመሽ አጠገቤ ተቀመጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍለጋ ላይ ነኝ። ሽሮ ስነፋ ገብረ እላለሁ፣ ወልደ እላለሁ፣ ኃይለ፣ ተክለ እላለሁ። ሁሉም ይመስልሃል፤ ሁሉም አንተን አይሆንም። ምላሴ ጫፍ ላይ ነው እንዳልል፣ እዚያም የለም።

ባሕር ዳር ለምርመራ ስሄድ ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር። ልጅ ናት፣ ሰብለን ታክላለች፤ ግን ታዳምጣለች። «ክኒኑ ሊሆን ይችላል፤ የበፊቱ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል፤ ሐዘንም፣ እንቅልፍ ማጣትም፣ ዕድሜም ይጨምርበታል። ብዙ ሴቶች እንዳንቺው ይላሉ። ግን እንዳታቋርጪ፤ የሚያስቸግርሽ ከሆነ ለእኔ ንገሪኝ» አለችኝ። ይህን ሁሉ ነግራኝ እኔ ይዤ የተመለስኩት «ክኒኑ ሊሆን ይችላል» የምትለዋን ብቻ ነው። ያችን አልረሳኋትም።

አቋረጥኩት። ለማንም ሳልናገር። በየጧቱ አንዷን አወጣና ሽሮ የማስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ እጥላታለሁ፤ ሰብለ በስልክ ስትጠይቀኝ «ውጫለሁ» እላለሁ። የደፈረሰ ውሃ ካልነኩት ይጠላል አይደል? እኔም እንደዚያ፣ ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ጭንቅላቴ ይጠልና ስምህ ከታች ይታየኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሁለት ወር ሊሆን ምንም አልቀረው። ላቡ ቀነሰልኝ፣ ጣቶቼ ተፍታቱልኝ፤ የጨው ዋጋ፣ የጎረቤት ልጅ ስም፣ ጭልፋ እንኳ ተመለሰልኝ። ያንተ አልተመለሰም።

በዚህ መሃል መንገዱ ሲከፈት በቡሬና በቲሊሊ አድርጌ ሰከላ፣ እህትህ ዘንድ ወጣሁ። እትዬ ጠጅቱ አርጅታለች፤ ምላሷ ግን እንደ ወጣት ነው። ለምን እንደመጣሁ ስነግራት እጇን አጨብጭባ «ወይ ጉድ! እኔ እኮ መሬት ልትካፈለኝ መጣች ብዬ በሩን ልዘጋ ነበር። የባሏን ስም የምትረሳ ሚስት ደግሞ በየት አገር አለች? ላም እንኳ የጌታዋን ድምፅ ታውቃለች!» አለች። እውነቷን ነው። ተሳድባ ሲደክማት ራሷ አለቀሰች። እናታችሁ ለእሷም አልነገረቻትም። «ሴት ልጅ ታገባለች፣ ካገባች ወሬው ለባዳ ይተርፋል» ብላ። ክርስትና ያነሳህ አባትህ ከሞተ ቆይቷል፤ ያጠመቁህ ቄስም እንዲሁ። ስምህን የሚያውቅ አንድም ሰው እንዳልቀረ እትዬ ጠጅቱ በጣቷ እየቆጠረች አስረዳችኝ።

«ያን ክኒን ወርውሪውና ጠበል ግቢ» አለችኝ። ወርውሬዋለሁ አልኳት። «እሰይ!» አለች። ሰባት ቀን ግሽ ዓባይ ተጠመቅሁ። ብርዱን ታውቀዋለህ፣ ልጅነትህን የጨረስክበት ነው። ሰው ስለ ጤናው ይለምናል፣ እኔ ስለ አንድ ቃል። በሰባተኛው ቀን ልቤ ቀለል አለኝ፤ ውሸት አልናገርም፣ ቀለል ብሎኛል። ግን እንደ መጣሁ ነው የተመለስኩት።

ቤት ስደርስ ሰብለ ሽሮ ልትሠራ ጣሳውን ከፍታዋለች።

ክኒኖቹን ገበታ ላይ ደርድራ አንድ በአንድ ስትቆጥር ደረስኩ። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ እንዳንተ መጮህ ታውቃለች። አልጮኸችም። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ሁሉን ነገርኳት። «አባዬን ለማስታወስ ብለሽ እኔን ያለ ሰው ልታስቀሪኝ ነው?» አለችኝ። ኩርሲው ላይ ተቀምጣ፣ ትምህርት ቤት የምትለብሰው ካፖርት ሳይወልቅ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። አንተን ከቀበርን ወዲህ ልጄ ፊት ለፊቴ አልቅሳ አታውቅም ነበር። ታስታምመኝ ስለነበር ይሆናል፣ ለራሷ አልደረሰችም።

በማግስቱ ባሕር ዳር ይዛኝ ሄደች። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አየችኝ፣ አስመረመረችኝ፣ በሽታው ለጊዜው አልተመለሰም አለች። ሌላ ዓይነት ክኒን እንዳለም ነገረችኝ፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው፣ ደግሞም መንገዱ ሲዘጋ እንኳን እሱ ይኸኛውም መድኃኒት ቤት አይገኝም። ያንኑ ቀጠልኩ። የምውጥበት ዓመትም ተጨመረብኝ።

ስለዚህ በየጧቱ አሁን እያወቅሁ እውጣለሁ። ጉሙ ተመልሶ መጣ፣ ጭልፋም ሄደ። ሰብለን መረጥኩ፣ ሙሌ። አንተም ብትሆን እሷን ምረጪ ትለኝ ነበር፤ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን አላሳረፈኝም። ይቅር በለኝ።

የመጨረሻውን ልንገርህና ላብቃ። የመምሬ ታከለ ባለቤት የጭንቄን ወሬ ሰምተው አስጠሩኝ። የመምሬን የጸሎት መጽሐፍ አውጥተው ከመሃሉ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጡኝ። መምሬ ያረፉ የንስሐ ልጆቻቸውን ስም ጽፈው በየጸሎታቸው የሚጠሯት ወረቀት ናት። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል። ሙሉቀን የሚል ፈለግሁ፤ የለም። የዓለም ስም አንድም አልጻፉም፤ ሁሉም የክርስትና ስም ብቻ ነው። እሳቸው ማን ማን እንደሆነ ያውቁታል፣ ለምን ይጽፋሉ? ወንዶቹ ሃያ ሁለት ናቸው። አንዱ አንተ ነህ።

ያለሁበትን አየኸው? ጠፍተህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ተገኝተሃል፤ አላወቅሁህም።

ወረቀቷን ለምኜ ወሰድኩ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኳት። በመጀመሪያው ንባብ ሁለቱ ላይ ልቤ ደንገጥ አለ። በማግስቱ ሌሎች ሦስት ላይ ደነገጠ። በሳምንቱ ሃያ ሁለቱንም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው መሰለኝ። ሞኝነቴ ይኼ ነው፤ ደጋግሜ ባነበብኩ ቁጥር ስሞቹ ሁሉ ያንተን ድምፅ እየለበሱ መጡ። አንድ ጊዜ ብቻ አንብቤ ባቆም ኖሮ ምናልባት ትለይልኝ ነበር። አሁን በየትኛውም ስም ጆሮዬ ላይ ስታንሾካሹክ ትሰማኛለህ፤ ሃያ ሁለቱም ላይ ትቆጣኛለህ። እውነተኛዋ ትዝታ ካለችም እዚያ ውስጥ ራሴ ቀብሬያታለሁ።

ወረቀቷን ለወጣቱ ቄስ ሰጠኋቸው። ጥሩ ልጅ ናቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። «እናቴ፣ ስሙን የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ሁሉንም እንጠራለን» አሉኝ። ወሩ ገብቶ ባረፍክበት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ከምሰሶው አጠገብ ቆምኩ። ጭንቅላቴ ቢረሳ ሰውነቴ ያውቅሃል ብዬ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬህ የተኛሁ ሰው ነኝ፤ ቆዳዬ ይነግረኛል፣ ፀጉሬ ይቆማል ብዬ። ቀስ እያሉ ጠሩ። በእያንዳንዱ ስም ትንፋሼን ያዝኩ። አንዱም አልነካኝ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን አንስተው አዩኝ፤ አላወቅሁትም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰው ለሞተበት ሲጽፍ «አልረሳህም» ብሎ ነው የሚዘጋው። እኔ በምን አፌ? የምችለውን ብቻ ቃል ልግባልህ። ሰብለ በቀን መቁጠሪያው ላይ ባረፍክበት ቀን ሁሉ ቀይ ክብ አድርጋልኛለች። በየወሩ ያን ክብ ሳይ እሄዳለሁ። መሄዴን ብረሳ ታስታውሰኛለች። ክንዴ ያብጣል፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይታጠፍም፤ ግን ሃያ ሁለቱም ስም ሲጠራ በእያንዳንዱ እሰግዳለሁ። በአንደኛው አንተ አጠገቤ ታልፋለህ። እኔም እንደማላውቀው ሰው አሳልፍሃለሁ።

ያንተው ስንዱ
ፍኖተ ሰላም